ራውተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት

እንደምን አረፈዳችሁ። በአዳማና በዙሪያዋ ኔትወርክ የምትዘረጉ፣ የምትጠግኑ፣ ስልክ ሲደወልላችሁ ምሳችሁን አቋርጣችሁ የምትነሱ ባለሙያዎች በሙሉ፣ የዛሬው ጉዳያችን ያ የስልክ ጥሪ ነው። የሚደውለው ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ኔትወርክ የለም።» የእኛም መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «እስቲ አጥፍተው ያብሩት።»

ይህቺን መልስ እንድትተዉልኝ ልለምናችሁ ነው የቆምኩት። ራውተር ሲጠፋ ስለ ችግሩ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ሎጉ፣ ማለትም የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ፣ በአብዛኛው የሚቀመጠው መብራት ሲሄድ በሚጸዳ ሜሞሪ ላይ ነው። የስህተት ቆጣሪዎቹ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ የአርፕ ሰንጠረዡ (የትኛው አይፒ አድራሻ የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚይዘው) ባዶ ይሆናል፤ ከጎረቤት ራውተር ጋር የነበረው ግንኙነት የት ደረጃ ላይ እንደተሰናከለ የሚያሳየው መስመርም አይገኝም። ሲበራ ይሠራል፣ ደንበኛው ያመሰግናል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ያው ጥሪ ይመጣል። ያን ጊዜ እጃችን ላይ ምንም የለም።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምንም ነገር አትንኩ። የመብራቶቹን ሁኔታ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ግቡና ሎጉን፣ የኢንተርፌሶቹን (የመግቢያና መውጫ ፖርቶቹን) ዝርዝር፣ የራውቲንግ ሰንጠረዡን (መረጃው በየት እንደሚሄድ የሚያሳየውን)፣ የአርፕ ሰንጠረዡን ገልብጣችሁ አንድ ፋይል ላይ አስቀምጡ። ራውተሩ ከበራ ስንት ጊዜ እንደሆነውም እዩ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብቻውን ብዙ ጊዜ ፍርድ ይሰጣል። ደንበኛው «እየተቆራረጠ ነው» ካለና ራውተሩ ከተነሳ ገና 14 ደቂቃ ከሆነው፣ የምትፈልጉት የራውቲንግ ችግር አይደለም። ራውተሩ ራሱ እየወደቀ እየተነሳ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዳፕተሩ ነው። ያረጀ የ12 ቮልት አዳፕተር ምንም ሳይጫንበት በመለኪያ ሲታይ 12 ቮልት ያሳያል፤ ራውተሩ ዋይፋዩን ከፍቶ መሥራት ሲጀምር ግን ጉልበቱ ይወርዳል። መለካት ያለበት ሥራ ላይ እያለ ነው። ሲቀየርም ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ ደግሞ ከቀድሞው እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። የ2 አምፔሩን አውጥቶ በ1 አምፔር መተካት ያንኑ በሽታ መልሶ መጫን ነው።

ሎግ ስታነቡ ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ደንበኛው «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠፋ» ይላችኋል። ራውተሩ ላይ ይህ ሰዓት 09:00 ተብሎ ይጻፋል። የሰዓት ክልሉ ካልተስተካከለ ደግሞ ራውተሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት፣ ስለሆነ 06:00 ብሎ ይመዘግበዋል። ሦስት ብላችሁ 03:00 ላይ ብትፈልጉ ሌሊት ማንም ያልነካው ባዶ መስመር ታገኙና «ሎጉ ላይ ምንም የለም» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። የሰዓት አገልጋይ (ኤንቲፒ) ያልተሰጠው ማይክሮቲክ ራውተር ደግሞ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከ1970 ሊጀምር ይችላል። ኤንቲፒ ማስተካከል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ችግር ሳይመጣ በፊት ይሠራ።

ለደንበኛው የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ሁሉም ኮምፒውተር ነው ወይስ አንዱ ብቻ? ሁሉም ነገር ነው ወይስ አንዳንድ ድረ ገጽ? ከመቼ ጀምሮ? ትናንትና ዛሬ ምን ተነካ? ለአራተኛው የሚሰጠው መልስ «ምንም» ነው፤ ጥያቄውን ቀይሩት። ለምሳሌ የአንዲት መድኃኒት ቤት ባለቤትን «እትዬ፣ ሰሞኑን ዕቃ ያዟዟረ፣ ቀለም የቀባ፣ አዲስ ማሽን ያስገባ ሰው አለ?» ብትሏቸው «አይ፣ ልጄ ዋይፋዩ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ራውተር አምጥቶ ሰክቷል እንጂ ሌላ የነካነው ነገር የለም» ይሏችኋል። የችግሩ ግማሽ እዚያ ላይ ተፈታ። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ወደ ኬብሉ እንሂድ። በመዳብ ኬብል ላይ የምታዩት ፍጥነት ራሱ ይናገራል። ጊጋቢት መሆን የነበረበት ፖርት 100 ላይ ከቆመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ተበጥሷል ወይም ኮኔክተሩ ላይ አልደረሰም። 100 ሜጋቢት የሚሠራው በብርቱካናማውና በአረንጓዴው ጥንድ ብቻ ነው፤ ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ መረጃ ቆጠራ) ካያችሁ ወዲያው አትደንግጡ፤ ቁጥሩ የአምና ሊሆን ይችላል። ቆጣሪውን አጽዱ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና አንብቡ። እያደገ ከሆነ ኬብሉን ቀይሩ፤ ርዝመቱ ከ100 ሜትር እንዳያልፍ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ እንዳይሄድም እዩ። ሌት ኮሊዥን የሚባለው ቁጥር ካደገ ደግሞ የዱፕሌክስ አለመግባባት ነው፤ አንዱ ወገን በአንድ ጊዜ ይልካልም ይቀበላልም (ፉል)፣ ሌላው ተራ በተራ ነው (ሀፍ)። አንዱ ወገን በእጅ ፉል ተብሎ ተቆልፎ ሌላው አውቶ ላይ ከተተወ፣ አውቶው የሚነጋገረው ስለሚያጣ ወደ ሀፍ ይወርዳል። ሊንኩ አለ፣ ፒንጉም («አለህ ወይ?» ብሎ የሚልከው ሙከራ) ይመለሳል፣ ፋይል ሲላክ ግን ይንቀራፈፋል። ሁለቱም ወገን አውቶ፣ ወይም ሁለቱም በእጅ።

ፋይበር ላይ ሞደሙ የሚቀበለውን የብርሃን ኃይል አንብቡ። በተለመደው ጂፖን በሚባለው የፋይበር መስመር ከነጌቲቭ 8 እስከ ነጌቲቭ 27 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ነጌቲቭ 26 ላይ ያለ መስመር ዛሬ ይሠራል፤ ትንሽ አቧራ ወይም አንድ ጠባብ እጥፋት ግን ይጥለዋል። አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፤ ክዳኑ ተነስቶ ለጥቂት ደቂቃ የቆየ የፋይበር ጫፍ አቧራ ይለብሳል። በአይሶፕሮፒል አልኮልና ፋይበር በማይተው ጨርቅ ተጠርጎ ይግባ። አረንጓዴ ኮኔክተር ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር ብቻ ይገጥማል። የአረንጓዴው ጫፍ በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ ከሰማያዊው ጋር በደንብ አይሳሳምም፤ ብርሃኑ በመሃል ይባክናል። ጫፉን በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፣ ዓይንን ግን ይጎዳል። ከጣሪያ ጣሪያ በዋየርለስ ያገናኛችሁ ሰዎች ደግሞ ነፋሱን በሌላ መንገድ ታገኙታላችሁ። ነጌቲቭ 58 የነበረው ሲግናል ነፋስ ሲነሳ ነጌቲቭ 72 ከሆነ ምሰሶው እየተወዛወዘ ነው። ራውተሩን ትታችሁ ቦልቱን አጥብቁ፣ ምሰሶውን በሽቦ ወጥሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፒንግ ስታደርጉ «መለሰ ወይስ አልመለሰም» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ማን መለሰ? እያንዳንዱ መልስ የላኪ አድራሻ አለው፤ ችግሩ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ያ አድራሻ ነው።

ኮምፒውተሩ 192.168.10.25 ነው እንበል፣ ጌትዌዩ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው ራውተር፣ 192.168.10.1። በዊንዶውስ ላይ ጌትዌዩን ፒንግ ስታደርጉ «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» የሚል መልስ መጣ፣ ላኪው ደግሞ 192.168.10.25 ነው። የመለሰው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው! «ጌትዌዩ ማን ነው ብዬ በአርፕ ጮኬ ነበር፣ የሰማኝ የለም» እያለ ነው። ችግሩ ከእናንተ እስከ ጌትዌዩ ባለው ኬብል፣ ስዊች ወይም ቪላን (የስዊቹ ውስጣዊ ክፍፍል) ላይ ነው፤ ከዚያ አልፋችሁ አትሂዱ። ሩቅ ያለ አድራሻ ፒንግ ስታደርጉ ያው ቃል ከ192.168.10.1 ከመጣ ግን እስከ ጌትዌዩ ያለው ደህና ነው። ራውተሩ መንገዱን አያውቅም ወይም ቀጣዩን ራውተር አላገኘውም፤ ስለዚህ የራውቲንግ ሰንጠረዡን ክፈቱ። «ቲቲኤል ኤክስፓየርድ ኢን ትራንዚት» ካለ ፓኬቱ (የተላከው የመረጃ ቁራጭ) በሁለት ራውተሮች መካከል ሲንከራተት ዕድሜው አልቋል። «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ካለ ማንም አልመለሰም ማለት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ፓኬቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ፋየርዎል ውጦት ይሆናል፣ ወይም ደርሶ መልሱ መመለሻ አጥቶ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ከተገኘ ደግሞ ከዲኤችሲፒ፣ ከአድራሻ አዳዩ፣ አድራሻ ስላጣ ለራሱ የሰጠው ነው፤ ፒንግ ማድረግ እንኳ አያስፈልግም።

ሲስኮ ራውተር ላይ ፒንግ ስታደርጉ ከአምስቱ ፓኬቶች የመጀመሪያው ነጥብ (አልተመለሰም)፣ ቀሪዎቹ አራቱ ቃለ አጋኖ (ተመልሷል) ከሆኑ 80 በመቶ ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የመጀመሪያው ፓኬት አርፕ እስኪመለስ ሲጠብቅ ቀርቶ ነው። ደግማችሁ ሞክሩ፣ መቶ ይሞላል።

የመመለሻውን መንገድ ነገር ሰፋ አድርጌ ላሳያችሁ፤ ቅርንጫፍ ስታገናኙ በብዛት የምትወድቁበት እዚህ ነው። ዋናው ቢሮ አዳማ ነው፣ የውስጥ ኔትወርኩ 10.10.0.0/24። ቅርንጫፉ አሰላ ነው፣ 10.20.0.0/24። በመካከል ያለው መስመር 172.16.1.0/30 ሲሆን የአዳማው ራውተር 172.16.1.1፣ የአሰላው 172.16.1.2 ይዟል። አዳማ ራውተር ላይ ገብታችሁ 10.20.0.1ን ፒንግ ታደርጋላችሁ፤ ይመለሳል። ከሠራተኛዋ ኮምፒውተር፣ ከ10.10.0.25፣ ያንኑ አድራሻ ትሞክራላችሁ፤ አይመለስም። «ራውተሩ ይደርሳል፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው» ተብሎ ዊንዶውስ ይጫናል። ኮምፒውተሩ ምንም አላጠፋም። ራውተሩ ፒንግ ሲያደርግ የሚጠቀመው የላኪ አድራሻ ፓኬቱ የሚወጣበትን ኢንተርፌስ፣ ማለትም 172.16.1.1ን ነው። ይህን አሰላ ያውቀዋል፤ በቀጥታ የተያያዘበት መስመር ነውና። የሠራተኛዋ ፓኬት ግን ላኪው 10.10.0.25 ነው፤ አሰላ ላይ ደግሞ ወደ 10.10.0.0 የሚወስድ መስመር ማንም አልጻፈም። ፓኬቱ ደርሷል። መልሱ ግን በነባሪው መንገድ (ሌላ መንገድ ሲጠፋ በሚወሰደው) ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ እዚያ ቀርቷል።

ይህን በአንድ ትዕዛዝ ታረጋግጡታላችሁ። አዳማ ራውተር ላይ ሆናችሁ «ፒንግ 10.20.0.1 ሶርስ 10.10.0.1» በሉ። ያለ ሶርስ ሄዶ በሶርስ ካልሄደ የጎደለው የመመለሻ መንገድ ነው። መድኃኒቱ አሰላ ላይ ነው፤ «አይፒ ራውት 10.10.0.0 255.255.255.0 172.16.1.1»። አዳማ ላይ ስንት ጊዜ ብትነካኩ አይፈታም።

መንገዱ ተጽፎም እያለ የተሳሳተ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ የማስኩን ርዝመት፣ ከ«/» በኋላ ያለውን ቁጥር፣ እዩ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ስለ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ (የመንገድ ምንጮች ቅድሚያ) ነው፤ ስታቲክ (በእጅ የተጻፈው) 1፣ ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት) 110 እያልን። እሱ የሚሠራው ግን ሁለት ምንጮች አንድ ዓይነት ኔትወርክ፣ አንድ ዓይነት ማስክ ይዘው ሲመጡ ነው። ከዚያ በፊት ፓኬቱ የሚመርጠው ረጅሙን ማስክ ነው። ለምሳሌ አዲሱ ፋይበር ሲገባ 10.20.0.0/16 ተብሎ ተጻፈ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለአሮጌው መስመር የተጻፈው 10.20.5.0/24 ግን አልተሰረዘም። የአንድ ክፍል ሰዎች ብቻ «ቀርፋፋ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እነሱ አሁንም በአሮጌው መስመር ላይ ናቸው።

ያው /16 ሌላም መዘዝ አለው። አዳማ 10.20.0.0/16ን በሙሉ ወደ አሰላ ይልካል፤ አሰላ ደግሞ የማያውቀውን ሁሉ በነባሪ መንገድ ወደ አዳማ ይመልሳል እንበል። ማንም የሌለበት 10.20.7.0 ሲጠራ ፓኬቱ ከአዳማ አሰላ፣ ከአሰላ አዳማ ይመላለሳል። ትሬስሩት (ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ስታደርጉ 172.16.1.2 እና 172.16.1.1 እየተፈራረቁ ሲታዩ ይህ ነው። አሰላ ላይ 10.20.0.0/16ን ወደ ነል ዜሮ (ፓኬት ወደሚጣልበት) አቅጣጫ ጻፉ፤ በእውነት ያሉት /24ዎች ረጅም ስለሆኑ አይነኩም፣ የሌሉት ግን እዚያው ይወድቃሉ። ሌላው የስታቲክ ድክመት ሞኝ ታማኝነቱ ነው። በመካከል ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበርን ወደ መዳብ የሚቀይር መሣሪያ) ካለ ፋይበሩ ቢቆረጥም የራውተሩ ፖርት አፕ እንደሆነ ይቆያል፤ መንገዱም ሰንጠረዡ ላይ ይኖራል፤ ተጠባባቂው መስመር ተራው አይደርሰውም። ማይክሮቲክ ላይ ቼክ ጌትዌይን ፒንግ አድርጉት፤ በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ ሁለት ጊዜ መልስ ካጣ መንገዱን ያነሳል። ሲስኮ ላይ ይህን የሚሠራው አይፒ ኤስኤልኤ ከትራክ ጋር ነው።

ኦኤስፒኤፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ጎረቤቱ የቆመበት ደረጃ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ጎረቤት ጭራሽ ካልታየ ሄሎና ዴድ ሰዓቶቹን (ሰላምታ የሚላክበትንና ጎረቤቱ ጠፋ የሚባልበትን)፣ ኤሪያውን፣ ማስኩን፣ ኢንተርፌሱ ፓሲቭ መሆኑን አመሳክሩ። በኢተርኔት ላይ ሄሎ 10፣ ዴድ 40 ሰከንድ ነው፤ ሁለቱም ጎን አንድ መሆን አለባቸው። ኢኒት ላይ ከቆመ እናንተ እሱን ትሰሙታላችሁ፣ እሱ ግን አይሰማችሁም፤ አንዱ አቅጣጫ ላይ ፋየርዎል ወይም የተበላሸ ገመድ ፈልጉ። ኤክስስታርት ላይ ከተቸከለ ኤምቲዩ፣ ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ የፓኬት መጠን፣ አልተመሳሰለም። ቱዌይ ካለ ደግሞ በብዙ ራውተሮች መካከል ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል ለመጠገን አትቸኩሉ።

ኤምቲዩን ካነሳን፣ ደንበኛውን ከሁሉ የሚያምታታው እሱ ነው። ፒንግ ይሄዳል፣ ቴሌግራም ጽሑፍ ይልካል፣ አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ኢሜይል ላይ ፋይል ሲጫን ይቆማል። ትንንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። ዊንዶውስ ላይ «ፒንግ ማይነስ ኤፍ ማይነስ ኤል 1472 8.8.8.8» ብላችሁ ሞክሩ። ማይነስ ኤፍ አትቆራርጠው ማለት ነው፤ 1472 ላይ 28 የራስጌ ባይት ሲደመር 1500 ይሆናል። ካላለፈ 1464 ሞክሩ። ይህ ካለፈ 1492 ነው፤ መስመሩ ፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል የሚገባ) ነው፣ 8 ባይት እሱ ወስዷል። ራውተሩ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የመረጃ ጣሪያ) ወደ 1452 ዝቅ አድርጉ። በቅርንጫፎች መካከል ጂአርኢ ቶነል ካለ ሌላ 24 ባይት ይቀነሳል። አይሲኤምፒን (ፒንግና የስህተት መልእክቶች የሚሄዱበትን) በሙሉ በፋየርዎል የሚዘጉ ሰዎች ይህን በሽታ በገዛ እጃቸው ይጠራሉ፤ «ፓኬቱ ትልቅ ነው፣ አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት የሚመጣው በአይሲኤምፒ ነውና። እባካችሁ በጅምላ አትዝጉት።

አሁን ወደ መድኃኒት ቤቱ። ልጁ ያመጣውን ራውተር በላን ፖርቱ በኩል ከስዊቹ ጋር አገናኝቷል። በውስጡ ያለው ዲኤችሲፒ እንደበራ ነው። አሁን በአንድ ቤት ሁለት አዳይ አለ፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ግማሹ ከትክክለኛው ወስዶ ይሠራል፣ ግማሹ ከእንግዳው ወስዶ ጌትዌዩ የትም የማያደርስ ይሆናል። ዛሬ ማን እንደሚጠፋ አይታወቅም። ያልሠራው ኮምፒውተር ላይ «አይፒኮንፊግ ኦል» ብላችሁ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር አንብቡ። የማታውቁት አድራሻ ከሆነ በአርፕ የማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን መለያ) ያዙ፤ የሚተዳደር ስዊች ካለ በማክ ሰንጠረዡ በየትኛው ፖርት እንደሚገባ ታገኙታላችሁ። መፍትሔው የልጁን ራውተር መንጠቅ አይደለም። ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ አድራሻውን ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ቀይሩ፣ በላን ፖርቱ እንደተሰካ ይቆይ፤ ዋይፋይ ማራዘሚያ ይሆናቸዋል። ሁሉም የስዊች መብራቶች በአንድነት በፍጥነት የሚርገበገቡና ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የጠፋበት ከሆነ ግን ሉፕ ነው፤ አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቷል። አንድ በአንድ እየነቀላችሁ መብራቱ የሚረጋበትን ፈልጉ።

የድረ ገጹ ስም አልፈታ ያለ፣ አድራሻው ግን የሚሄድ ከሆነ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ነው፤ ከዚህ በላይ አላቆያችሁም።

ችግሩ ከእናንተ ራውተር ውጭ መሆኑን ስታረጋግጡ ወደ አገልግሎት ሰጪው ትደውላላችሁ። ትሬስሩት ልካችሁ «መሃል ላይ ኮከብ አለ» አትበሉ። በመካከል ያለ ራውተር ለትሬስሩት መመለስን ሊገድብ ይችላል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት በደህና ከመለሱ ኮከቡ ምንም አይደለም። የሚቆጠረው ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የዘለቀ መዘግየት ወይም መጥፋት ነው። ርቀቱንም አስቡ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዳማ አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ አንድ ሚሊ ሰከንድ። መስመሩ ዞሮ ቢሄድና መሣሪያዎቹ ጥቂት ቢጨምሩ እንኳ አዲስ አበባ ድረስ 80 ሚሊ ሰከንድ ከታየ ርቀት አይደለም፤ አንድ ቦታ ወረፋ አለ። መጀመሪያ የራሳችሁን መስመር ፈትሹ። ሁሉንም ነቅላችሁ አንድ ላፕቶፕ ብቻ አስቀርታችሁ ለኩ። ያን ጊዜ 5 ከሆነ መስመሩን የሞላው ቢሮው ውስጥ ቪዲዮ እየጫነ ያለ ሰው ነው። ካልቀነሰ ሰዓቱን፣ የብርሃን ኃይሉን፣ ትሬስሩቱን ይዛችሁ ደውሉ፤ ቁጥር ይዞ የሚደውል ሰው «ሞደምዎን አጥፍተው ያብሩ» ሲባል የሚመልሰው አለው።

ተስተካክሎ ሲያበቃ ያረማችሁትን አስቀምጡ። ሲስኮ ላይ የረኒንግ ኮንፊጉን (አሁን የሚሠራበትን) ወደ ስታርታፕ ኮንፊግ (ሲነሳ ወደሚያነበው) ካልገለበጣችሁ፣ ሁዋዌ ላይ ሴቭ ካላላችሁ፣ ያ አሰላ ላይ የጻፋችሁት የመመለሻ መንገድ መብራት እስኪሄድ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ማይክሮቲክ ወዲያው ያስቀምጣል፤ ሴፍ ሞድ (የሙከራ ሁኔታ) ውስጥ ሆናችሁ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ግን የሠራችሁትን መልሶ ያፈርሰዋል። ከዚያ ኮንፊጉን ወደ ኮምፒውተራችሁ ገልብጡ፣ ካቢኔቱ በር ላይም ምን እንደቀየራችሁ የሚል ወረቀት ለጥፉ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ከሎጉ ጋር የሚያመሳክረው የአውሮፓውያኑን ነው፣ ደንበኛው የሚያስታውሰው ግን የእኛን።